ጠዋሊ የተባለው የዓይን ጠብታ

የባንቺአየሁ እጆች ጆንያ እየሰፉ ነው። ግራ እጇ የጆንያውን አፍ አጥፎ ይይዛል፤ ቀኝ እጇ ረጅሙን መርፌ ይወጋል፣ ሲባጎውን ይስባል፣ ደግሞ ይወጋል። በየአራት ጣቱ አንድ ስፌት። የግራ እጇን አራት ጣቶች ከመጨረሻው ስፌት አጠገብ ታሳርፍና ከትንሿ ጣቷ ማዶ ትወጋለች። ዓይኖቿ ሥራው ላይ አይደሉም። ወደ መጋዘኑ በር ዞረዋል። እዚያ የምታየው ነገር ኖሮ ሳይሆን ብርሃኑ የሚገባው በዚያ በኩል ስለሆነ ነው።

ጆንያው ውስጥ ያለው ሰሊጥ ነው። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ከሰሊጥ የሚርቅ እጅ ጥቂት ነው። ወንዶቹ በዶካ እርሻዎች በኩል ያጭዱታል፣ ሎሪው ያመጣዋል፣ ሴቶቹ መጋዘን ውስጥ ተቀምጠው በሰፌድ ያበጥሩታል፣ ጠጠሩን ይለቅሙታል። ባንቺአየሁ አሥራ አምስት ዓመት አበጣሪ ነበረች። ጆንያ ሰፊ ከሆነች ግን ሁለት ዓመት አለፋት። ከሰፌዱ ወደ መርፌው እንዴት እንደወረደች ለመናገር ነው ይህን የምጽፈው። በዚያ ነገር ውስጥ እኔም አለሁበት።

ከቋራ የመጣችው ፅናት የምትባለዋን ልጇን አዝላ ነው። ባሏ ታምሬ ለአጨዳ ሲመላለስ ቆይቶ በመጨረሻ እነሱንም አመጣቸው፤ በሦስተኛው ክረምት ግን ወባ ወሰደው። በእኔና በእሷ ግቢ መካከል ያለው የሣር አጥር ብቻ ነው፤ አንዳችን ስናስል ሌላችን እንሰማለን። እኔ በዕድሜ ሃያ ዓመት እበልጣታለሁ፤ ወደዚህ አገርም ቀድሜያት ነው የመጣሁት። ገበያው ዳር ሻይ እየሸጥሁ ልጆቼን አሳድጌያለሁ፣ የልጅ ልጆችም አይቻለሁ። ዐረብኛዬን ያስተማረኝ ሻይ ጠጪው ነው። በዚያው ዐረብኛ የሰፈሩ አስተርጓሚ ሆንሁ። ለወሊድ፣ ለመታወቂያ፣ ለፖሊስ ቢሆን «እትዬ ሙሉዬ ትምጣ» ይባላል። ባንቺአየሁ ግን የምትውለው ከእኛው ሴቶች ጋር ስለሆነ ዐረብኛዋ ከመጋዘኑ በር አያልፍም፤ ሰላምታውን፣ ቁጥሩንና ሚዛኑን ትችላለች፤ ከዚያ ወዲያ የለም።

በመጀመሪያ የጎደለው ሰላምታዋ ነው። እኛ ዘንድ ሰውን ሰላም ሳይሉ ማለፍ ከስድብ ይቆጠራል። ባንቺአየሁ በጎኗ የሚያልፈውን ሰው ዝም ማለት ጀመረች። ፊት ለፊት የመጣውን ግን አቅፋ አገላብጣ ትስማለች፣ ከነከብቱ ከነዘመዱ ትጠይቃለች። ሰውም የመሰለውን ገመተ፤ መርጣ ሰላም ትላለች፣ ኮርታለች አለ።

አንድ ቀን ለሴቶቹ ሻይ ይዤ መጋዘን ገባሁ። ዙሌካ፣ እናቷ የወሎ አባቷ የገዳሪፍ ሰው የሆነች፣ ደንዳና ጨዋታ አዋቂ ሴት፣ ከባንቺአየሁ ጎን ታበጥራለች።

«ባንቺአየሁ» አለቻት፣ «ልጅሽን ለሀብታም ልትድሪ ነው አሉ። ከአሁኑ ነው እንዴ የናቅሽን?»

«ማንን ናቅሁ?»

«እኔን ነዋ። ትናንት ሽንኩርት ተራ አጠገብሽ ቆሜ እጄን ዘረጋሁልሽ፤ አየር ላይ ትተሽው ሄድሽ።»

«አላየሁሽም፣ እናቴን።»

«እኔን የምታህል ሴት ሳትታይ ታልፋለች? ሌላ ምክንያት አምጪ።» ሴቶቹ ሳቁ። ዙሌካ ሳቁን ስታይ ጨመረችበት። «ስምሽ ባንቺአየሁ ነው፤ እናትሽ ባንቺ አየች። አንቺ ራስሽ በማን ልታዪ ነው እንግዲህ?»

ባንቺአየሁም አብራ ሳቀች። ሰፌዷን የያዙት ጣቶቿ ግን አጥብቀው ሲጨብጡ አየሁ። የሻይ ብርጭቆዋን በቀኟ አስቀመጥሁላት። እጇ ፈልጎ ሲያጣ ቆየና ገፍቶ ደፋው።

በዚያው ሳምንት የመጋዘኑ ተቆጣጣሪ፣ እንግዳው የሚባለው፣ ከእሷ ጆንያ በእፍኙ ዘገነ። እንግዳው ክፉ ሰው አይደለም፤ ምላሱ ነው።

«ባንቺ፣ ይህ ሰሊጥ ነው ወይስ የመንገድ ሥራ?» አላት። መዳፉ ላይ አምስት ጠጠር ነበር።

«ቸኩዬ ነው። ደግሜ እለቅመዋለሁ።»

«ባለፈውም ቸኩለሽ ነበር። ነጋዴው ጆንያውን ቢመልሰው የሚጮኸው በእኔ ላይ ነው።»

ያን ቀን ማታ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ። «እትዬ ሙሉዬ፣ የምነግርዎትን ለፅናት እንዳይነግሩብኝ።»

ያልነገረችኝ ሁሉ ያን ጊዜ ወጣ። ደረጃ እየሳተች ነው። ሰሊጡን በሰፌዱ መካከል ታየዋለች፣ ዳር ዳሩ ግን የለም። «ጨለማ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ጨለማማ ቢሆን አውቀው ነበር። እርስዎ ከጀርባዎ ምን ያያሉ? ጥቁር ያያሉ? ምንም አያዩም። እንደዚያ ነው። ጀርባዬ ወደ ጎኔ መጣብኝ።»

ፅናት ያን ጊዜ ለኸሽም ኤል ቂርባ ከተማ ልጅ ታጭታ ነበር። «የእናት ዓይን ለልጅ ይወርዳል ይሉና ይተዉአታል» ብላ እናቷ ፈራች። ስለዚህ ዐረብኛን እንደ ውሃ የምትጠጣው ልጅ ቤት ተቀምጣ፣ ሐኪም ዘንድ እኔ ወሰድኋት። ካርቱም ላይ ጦርነቱ ከመነሳቱ በፊት ባለው ዓመት ነው።

ሐኪሙ ሽማግሌ ነው፤ በሩ ላይ ሰው ተሰልፏል። ዓይኗን በመብራት አየ፣ በመሣሪያ ነካ፣ የዓይኗ ግፊት ከፍ ብሏል አለኝ። ከዚያ ትንሽ የጠብታ ጠርሙስ አነሳና በጣቱ መታ መታ እያደረገ «ጠዋሊ» አለ። «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ጠዋሊ፣ ያ ሓጃ፣ ጠዋሊ።» ሓጃ የሚሉት ትልቅ ሴትን ሲያከብሩ ነው።

ይህን ቃል እኔ አላውቀውም ልል አልችልም። አርባ ዓመት ሰምቼዋለሁ። ሻይ ጠጪው «ሻይ ጠዋሊ» ሲለኝ ቶሎ በይ ማለቱ ነው። የሎሪው ረዳት «ጠዋሊ» ብሎ ሲጮህ አሁኑኑ ተነሱ ማለቱ ነው። ስለዚህ ወደ ባንቺአየሁ ዞሬ «ሳትዘገዪ ዛሬውኑ ጀምሪው ብሏል» አልኋት። እሷም ራሷን ነቀነቀች። ሐኪሙም ራሱን ነቀነቀ። ሦስታችንም የተግባባን መሰለን።

በዚያ ዘመን ፊደል የቆጠርሁት ገና በቅርብ ነበር። በስድሳ ሦስት ዓመቴ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ፣ ከልጆች መካከል ተቀምጬ ነው የተማርሁት። አዲስ ፊደል ያወቀ ሰው ያገኘው ላይ ሁሉ ይጽፋል፤ እኔም በስኳሩ ቆርቆሮ፣ በበሩ፣ በውሃው ጀሪካን ላይ ጽፌያለሁ። ቤት እንደገባን የቁስል ፕላስተር ቆርጬ ጠርሙሱ ላይ ለጠፍሁና «ዛሬውኑ ይጨመር» ብዬ ጻፍሁላት። የ«ጨ»ን ጫማ ረስቼ «ጠ» አድርጌያታለሁ። ለሌላ ሰው የሚጠቅም ነገር ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነበርና ደስ ብሎኝ ነበር።

ባንቺአየሁ የታዘዘችውን የምትፈጽም ሴት ናት። በዚያው ቀን ጀመረች። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። በአርባ ምናምን ቀን ጠርሙሱ አለቀ። መድኃኒት ሲያልቅ አለቀ ነው፤ የወባውም ክኒን እንዲሁ ነው። ዓይኗ አልተሻላትም፣ ግን አላመማትም። የሚያም ነገር ቢሆን ኖሮ ተመልሰን በሄድን ነበር።

ስለ ግፊቱ ደግሞ እኛው መከርን። ግፊት ያለበት ሰው ጨው ይተዋል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ባንቺአየሁ ጨው ተወች። ከወጧ፣ ከፉሏ፣ ዌካ ከሚሉት የደረቀ ባሚያ ወጧ ሁሉ። መጋዘን ውስጥ ምሳ በጋራ ይበላልና የእሷን ሳህን ማንም አይነካውም ነበር። ዙሌካ አንዴ ቀምሳ «ይህን የሚበላ ሰው ሳይሞት ለራሱ ተዝካር እያወጣ ነው» አለቻት። እሷ ግን ታግሳ በላችው። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ። ከዓይኗ ላይ አንድ ነገር በጎደለ ቁጥር ጨውን የበለጠ ትጠነቀቃለች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ገዳሪፍ ከካርቱምና ከመደኒ በተሰደደ ሰው ሞላች። ትምህርት ቤቱ መኝታ ሆነ፣ ገበያው ጠበበ፣ ሁሉም ነገር ተወደደ። የራሷን ዓይን የምታስታምም ሴት ለማን ትነግራለች? ፅናት አግብታ ኸሽም ኤል ቂርባ ገባች፤ መንገዱም ለሴት ልጅ አስቸጋሪ ሆኖ ቆየ። እንግዳው ጠጠሩ ሲበዛበት ሰፌዱን ነጥቆ መርፌ ሰጣት። «ጆንያ ስፊ። ይህ በእጅ ነው» አላት። አወቀ አላወቀ አልገባኝም፤ ዳግመኛ ግን ስለ ጠጠር አላነሳባትም።

እኔም ደከምሁ። ጉልበቴ ሻይ መሸጡን አስተወኝ። ማታ ማታ በአጥሩ በኩል ስትመጣ እግሯን እሰማለሁ፤ መጀመሪያ አጥሩን ትነካለች፣ ከዚያ የውሃ ማሰሮውን፣ ከዚያ ግድግዳዬን። ነገሬ ብዬ ያየሁት ዘግይቼ ነው። ዓይን ያለምንም ድምፅ የሚሄድ ነገር ነው። ዛሬ ከትናንት ጋር እኩል ይመስላል፤ ዘንድሮን ከአምና ስታስተያዩት ግን ሴትዮዋ ግማሽ ሆናለች።

ባለፈው መስከረም ፅናት ልትጠይቃት መጣች። እናቷን ስማ ከጎኗ ተቀመጠች፤ ያመጣችውንም ቴምር በሳህን አድርጋ ዘረጋችላት። ባንቺአየሁ ወደ በሩ እያየች ስለ አማቶቿ ትጠይቃለች። ሳህኑ በቀኟ ቆሟል። ፅናት ጠበቀች። ሳህኑን ወደ ፊት አመጣችው። አሁንም እናቷ ታወራለች። ልጅቷ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች።

«ሐቦባ» አለችኝ፣ በእነሱ ቋንቋ አያቴ ማለቷ ነው፤ «እናቴ ምን ሆናለች?»

ከዚያ ወዲያ መደበቅ አልነበረም። ነገርናት። ሐኪም ቤት መሄዳችንን፣ ጠብታውን፣ ጨውን። ባንቺአየሁ ጠርሙሱን ከመርፌዎቿ ቆርቆሮ አውጥታ ሰጠቻት፤ ባዶውን አስቀምጣው ነበር። ፅናት ፕላስተሩን አንገቷን እያዘነበለች አነበበችው። አማርኛ ታነባለች፣ ግን ቀስ ብላ ነው።

«ዛሬውኑ... ይጠመር? ምኑ ነው የሚጠመረው?»

«ይጨመር ነው» አልኋት።

«ለምን ዛሬውኑ?»

«ሐኪሙ ነዋ፤ ጠዋሊ አለ።»

ልጅቷ ጠርሙሱን አወረደች። «ጠዋሊ ብቻ ነው ያለው? ሀሳ አላለም?»

«ጠዋሊ። ሦስት ጊዜ።»

«አሁን ለማለት ቢፈልግ ሀሳ ይል ነበር፣ ሐቦባ። መድኃኒት ሲሰጡ ጠዋሊ ካሉ ሁልጊዜ ማለት ነው። ሳይቋረጥ። ዕድሜ ልክ።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ከፍ ብታደርገው ይሻለኝ ነበር። «ደጋግሞ የነገራችሁ ለዚያ ነው።»

ከማዶ የባለ ሦስት እግሩ ራክሻ ጥሩምባ ይሰማል። «በእኔ ነው» አልሁ። «ባንቺ፣ ዓይንሽ የጠፋው በእኔ ነው።»

ባንቺአየሁ እጇን ዘርግታ አየሩን ዳሰሰችና ጉልበቴን አገኘች።

«እርስዎ ባይወስዱኝ ማን ሊወስደኝ ነበር?» አለች። ቀጥላም ወደ ልጇ ዞረች። «ጨውስ? ጨዉን መተው ነበረብኝ?»

«የደም ግፊት አይደለም እኮ፣ እማ። የዓይን ነው። ጨው ምን አደረገ?»

«ሁለት ዓመት ከመንፈቅ» አለች ባንቺአየሁ። ሳቅ ጀመራት። ስትስቅ ትከሻዋ ይነቀነቃል፤ እኛም ልንስቅ ስንል ፊቷ እርጥብ መሆኑን አየን። «በሉ እንግዲህ፣ እትዬ ሙሉዬ፣ ማታ ወጥ ሲሠሩ ጨው ጨምረው ያቅምሱኝ።»

በማግሥቱ ሦስታችን ሄድን። ከካርቱም የተሰደደች የዓይን ሐኪም ከአንድ መድኃኒት ቤት ጀርባ ክፍል ተከራይታ ሰው ታያለች። ልጅ እግር ናት፤ ድካሟ ግን የትልቅ ሰው ነው። ተርጓሚዋ ፅናት ሆነች፤ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ አዳመጥሁ። የባንቺአየሁ ቀኝ ዓይን ሄዷል፣ አይመለስም። ግራው በተጠቀለለ ወረቀት ውስጥ እንደሚያዩት ያህል ቀርቶታል። እሱን የሚያቆየው ጠብታው ነው። ልጅቷም የእናቷ ደም ስላለባት በየዓመቱ ትታይ አለች። በመጨረሻ ጠርሙሱን አነሳች፤ እኔም ምን ልትል እንደሆነ አውቄያለሁ።

«ጠዋሊ» አለች።

«እስከ መቼ ማለት ነው?» ብዬ በራሴ ዐረብኛ ጠየቅኋት። ሴትዮዋ ገርሟት አየችኝ። «እስክትሞት፣ ያ ሓጃ» አለችኝ። እንዲህ ያለ ነገር እኛ አገር ፊት ለፊት አይነገርም። ያን ቀን ግን አመሰገንኋት።

ፅናት እናቷን ወደ ኸሽም ኤል ቂርባ ልትወስዳት ሦስት ቀን ለመነች። «ባሌም እሺ ብሏል፣ እማ። ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ።»

«ቁጭ ብዬ የት እንዳለሁ በምን አውቃለሁ? የዚያን አገር መሬት እግሬ አያውቀውም። እዚህ እስከ መጋዘን ስድስት መቶ ሰባ እርምጃ ነው፤ ቦዩ በአራት መቶኛው ላይ ነው። እዚያ ከቤት ሳልወጣ ልሞት ነው።»

«ግራውም ቢሄድስ?»

«እስኪሄድ ልሥራበት።»

ልጅቷ አልቅሳ ተሳፈረች። በየሳምንቱ ትደውላለች፤ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ጠብታው አለ?» ነው።

ጥያቄው ትክክል ነው። አሁን ሥራችን እሱ ሆኗል። ጠዋት ከመጋዘን በፊት አንድ፣ ማታ ከራት በፊት አንድ። መጀመሪያ እኔ ነበርሁ የምጨምርላት፤ እጄ ይንቀጠቀጣልና ግማሹ ጉንጭዋ ላይ ይፈሳል። አሁን ራሷ ትጨምራለች። ራሷን ወደ ኋላ ትጥላለች፣ በአንድ ጣት የታችኛውን ቆብ ትስባለች፣ የያዘ እጇን ግንባሯ ላይ ታሳርፋለች፣ ትጠብቃለች። ሲወድቅ ቅዝቃዜውን ታውቀዋለች። አዲሱ ጠርሙስ ላይ ፕላስተር ለጥፌ «ሁልጊዜ» ብዬ ጽፌበታለሁ። እሷ አታነበውም፤ እኔ ነኝ የማነበው።

ዙሌካ ነገሩን ስትሰማ አንድ ሳምንት ቀልድ አጣች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስትገባ ባንቺአየሁ ፊት ትቆምና ስለ ራሷ «ግመሏ መጥታለች» ትላለች። ባንቺአየሁም እጇን ዘርግታ ትስማታለች።

ጠብታው ግን ይጠፋል። መንገድ ሲዘጋ ከመድኃኒት ቤቶቹ መደርደሪያ ላይ ይታጣል፤ ባለፈው ወር አሥራ አንድ ቀን ያለ ጠብታ አሳልፋለች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወደ መጋዘን ስትሄድ እርምጃዋን ስትቆጥር በአጥሩ ሰማሁ፤ በፊት በሆዷ ነበር የምትቆጥረው፣ አሁን ድምፅ አውጥታ ነው። ደክሞኛል፤ እሷም ደክሟታል። ቢሆንም ከዚያ ወረቀት ጥቅልል ውስጥ የሚታየው የፅናት ፊት ነው፣ የመርፌው ጫፍ ነው፣ የበሩ ብርሃን ነው። እሱን ልትለቅ አትፈልግም።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ ከጎንደር ወይም ከመተማ ወደ ገዳሪፍ የምትመጡ ከሆነ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የጠብታውን ስም ሐኪሟ በጻፈችው ወረቀት በቤተ ክርስቲያናችን ጠባቂ ዘንድ አስቀምጫለሁ፤ ከእሱ ጠይቁና አንድ ጠርሙስ፣ ከቻላችሁ ሁለት፣ ፀሐይ ሳታስመቱ አምጡልን። ሰሊጥ መጋዘን ስትደርሱ ጆንያ የምትሰፋዋን ሴት ብትሉ ያሳዩአችኋል። በጎኗ አትቅረቧት፤ እጃችሁን አየር ላይ ትታው ብትቀር ኩራት ይመስላችኋል። በበሩ በኩል ዞራችሁ ፊት ለፊቷ ቁሙና መጀመሪያ ስማችሁን ንገሯት።